አምስት የክብሪት ቀፎ

ሸዋ ሮቢት፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ በአንድ ክፍል ቤቴ
ከከሰረ ሱቅ የገዛሁት ባለመስታወት ሣጥን ነበር ሀብቴ።
ብስኩት ይደረደርበት ነበር፤ የዋጋው ወረቀት እንደተለጠፈ፣
ከወረቀቱ ኋላ ግን የሮቃ ቅርንጫፍ መስታወቱን ተደገፈ፤
በቅርንጫፉም ላይ ሁለት አረንጓዴ፣ እንደ ጫማ ክር የቀጠኑ፣
ቅጠል ነን ብለው ያመኑ።
አንዷን ቄጤማ አልኳት፤ ሌላውን፣ በተረቱ ላይ ላሾፍ፣ ልጥ።
ውሃቸው በጣሳ ክዳን፤ ራታቸው እንሽላሊት፣
ከግድግዳ የሚለቀም፣ ሲይዙት የሚፈረጥጥ።

እትዬ ዝማምነሽ፣ አከራዬ፣ ከደፍ አልፈው አያውቁም።
«ጥርስ አላቸው?» ይላሉ። «አላቸው» እላለሁ። ሌላ አይጠይቁም።

*

እኔ ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ጥርስ መንቀል ነው፤
ቀን ቀን የሰው መንጋጋ፤ ማታ በእጅ ባትሪ የማየው
ሌላ ነው።
ገበሬው ማሾ ሲያጭድ፣ ሽንኩርት ሲያጠጣ የገደለውን
በፌስታል ቋጥሮ ያመጣልኛል፤
«እየው እስቲ፣ ይሄ ደግሞ የትኛው ነው?» ይለኛል።

አፉን በወረንጦ እከፍታለሁ።
እፉኝት ጥርሷን እንደ ሰንጢ አጥፋ ነው የምትተኛ፤
ሲዘረጋ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ይረዝማል፣ ውስጡ ክፍት፣ የመርፌ ጓደኛ።
የኮብራ ግን አጭር ነው፤ ከፊት ተተክሎ የማይታጠፍ፣
እንደ ግልፍተኛ ሰው ቃል፣ ሁልጊዜ ቆሞ ከከንፈር አፋፍ።
ቡናማዋ የቤት እባብ፣ አይጥ አሳዳጇ፣ መርዝ የሚባል የላት፤
ጥርሷ አዲስ ማበጠሪያ ነው፣ አንድም አልጎደላት።
ዓይነ ትልቁ የዛፍ እባብ መርዙን ከኋላ፣ ከዓይኑ ሥር አስቀምጦታል፤
ነክሶ ካላኘከ አይደርስም። ቸኩሎ የሚፈራ ሰው ይሄን መቼ ያውቃል፤
እሱን መሰላችሁ እያለ ስንቱን አረንጓዴ ምስኪን በዱላ ይፈጃል።

አራቱን ጥርስ በጥጥ ጠቅልዬ በየክብሪት ቀፎው አኖርኩ።

አምስተኛው እንዲህ መጣ፦ ውሃ ስቀይር ቄጤማ ነከሰችኝ።
ሕመም አይባልም። የስፌት መኪና ያለ ክር የሄደበት መስመር
አውራ ጣቴ ላይ ጣለችብኝ፤
ከቀዳዳዎቹ በአንዱ ውስጥ፣ ከጤፍ የቀጠነች፣
አንዲት ጥርስ ረሳችልኝ።

ጋሽ ኑርዬ፣ ድዳቸው ብቻ የቀረ፣ ቀፎውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ፣ አዩና
«ይበቅልላታል?» አሉኝ።
«ዕድሜዋን ሙሉ። ሲወልቅ ሲተካ።»
«ጣራ ላይ ሳትወረውር?»
አፋቸውን በፎጣ ሸፍነው ሳቁ፤ «እኛንማ አንዴ ሸወዱን» አሉ።

*

ከዚያ ዝውውሩ መጣ፣ ደብረ ብርሃን። «እንኳን ደስ ያለህ» ያላለኝ የለም።
ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ እባብ ሳይኖረኝ።
በዚያ ውርጭ እንኳን ቅጠል የመሰለ፣ ቅጠሉም አይቆይ።

ሮቢ ወንዝ ዳር ወሰድኳቸው። ልጥ ሮቃው ላይ ወዲያው ተሰወረ።
ቄጤማ ጣቶቼ መሃል ቆየች፤ ወዳኝ አይደለም፣
እጄ ሞቃት ስለነበረ።

እትዬ ዝማምነሽ ያን ቀን ገቡ፤ ሣጥኑን በበረኪና ሦስቴ አጠቡት፣
ከዚያ ዋጋውን ጠየቁኝ፣ ብስኩት ሊያኖሩበት።
ቅርንጫፉን ግን ደጋግመው ያዩት ነበር፣ ሳይጥሉት።

ጣርማበር ኬላ ላይ ጉም ነበር። ፖሊሱ ኪሴን ፈትሾ
አንድ በአንድ ከፈታቸው፤ «የማን ጥርስ ነው?» አለኝ፣ እጁን ወደ ኋላ መልሶ።
ነገርኩት፤ ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ፣ ማን አጥፎ እንደሚተኛ።
ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አስግጎ ይሰማል፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል።
አምስተኛውን ገልጦ ጥጡን ነካ ነካ አደረገና
«ይሄ ባዶ ነው» አለኝ፣ ሊወረውረው።
«ባዶ አይደለም» አልኩት፣
ብርዱ ጥርሴን እያንገጫገጨው።